በገመድ የሚሄድ ወሬ

እንጀራዬ ውሻ ነው።
በግራዝ ከተማ፣ በሙር ወንዝ ዳር ዳሩን፣
በሰዓት እየተከፈለኝ አንሸራሽራለሁ የሰውን።
አምስት ገመድ በእጄ፣ አምስት ቁልፍ በኪሴ፣
ፀጉር ያልነካው የለም ጫማዬም ልብሴ።

ሲቀጥሩኝ የሚሉት የሁሉም አንድ ነው፦
«እኛስ ደህና ነን፤ ችግሩ ውሻው ነው።»

ሩፐርት አለ፣ ትራም ሲነዳ አርጅቶ ጡረታ የወጣ፤
ብቻውን በልቶ አያውቅም፣ ገበታ ላይ ሰው ባይመጣ።
ከጠረጴዛው ሥር፣ በስውር፣ ቁራሽ ቋሊማ ይሰዳል፤
በማግስቱ «ለማኝ ሆነብኝ» ብሎ እኔ ዘንድ ይከሳል።

ሁለት ወጣቶች ደግሞ አሉ፣ ፎቅ ላይ፣ ገና የተጋቡ፤
ውሻቸው አልጋ ሥር ናት ጭቅጭቅ ሲገቡ።
በር ሲላተም ምንጣፍ ላይ ሽንቷ ያመልጣታል።
«ያማታል» አሉ፤ ወሰዷት። «እስቲ ይታያል።»
ሐኪሙ ፊኛዋን አየ፣ ሽንቷን በብልቃጥ ለካ፤
ከበሩ መላተም በቀር ምንም አልነበራትም ለካ።

የወይዘሮ ኦቲሊ ግን ነገሩ ለየት ይላል፤
ፍሎክ ብስክሌት ሲያይ እንዳበደ ይሆናል።
«አብረሽኝ ውጪና እይው» ብለው ለመኑኝ፤
«አሠልጣኞቹ ሦስቱም ተስፋ ቆርጠው ተዉኝ።»

ሄድን። ኅዳር ነው። ቅጠሉ ረጥቦ ድልድዩ ያዳልጣል።
ከሩቅ፣ ከወዲያ ጫፍ፣ የብስክሌት መብራት ብልጭ ይላል።
ፍሎክ መሬት እያሸተተ ነው፤ አላየም ገና።
እሳቸው አዩ። ቆሙ። ትከሻቸው ወደ ላይ ተሰቀለና
ገመዱን ሁለት ዙር በመዳፋቸው ጠመጠሙ፤
የሚተነፍሱም አልመሰለኝ እዚያ እንደቆሙ።
ከዚያ፣ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ፦ «ረጋ በል፣ ረጋ በል!»
ውሻው ቀና አለ፦ ምን መጣ? በየት በኩል?
መልሱን ከገመዱ አነበበ።
ዘለለ፣ ጮኸ፣ አረፋ ደፈቀ፤
ብስክሌተኛው ተሳድቦ አለፈ።
«አየሽ?» አሉኝ።
አየሁ።

ያየሁትን ግን በምን አፌ ልንገራቸው?
የሰዓት ሒሳቤ ያለው በቦርሳቸው።

ቤት ገብተን፣ ሻይ ሲቀዱ፣ ዳሌያቸውን ዳበሱ፦
«ብርድ ሲሆን ይነሳብኛል፤ ብስክሌት የገጨኝ ነው እሱ።»
«መቼ?» አልኩ።
በጣታቸው ቆጠሩ፦ «ስድስት ዓመት አለፈው።»

ፍሎክ አራት ዓመቱ ነው።

ሳይወለድ የሆነ ውድቀት፣ ያላየው ስብራት፣
በገመድ ወርሶት ኖሯል፣ በየድልድዩ ሊጮኽበት።

በግኝቴ እየኮራሁ፣ ሳልነግራቸው፣ ቤቴ ገባሁ።

ቤቴ ደግሞ ሞካ አለች፣ ከመጠለያ ያመጣኋት፣
ፖስተኛ ደረጃ ሲረግጥ ሰይጣን የሚሰፍርባት።
ጎረቤቴ ግድግዳውን ይደበድባል በጫማ፤
እኔም «ይቅርታ» እላለሁ፣ ይስማኝም አይስማ።
«ውሾች ፖስተኛ አይወዱም» እል ነበር፣ «ተፈጥሮ ነው»፤
የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው።

ማክሰኞ ራሴን እጅ ከፍንጅ ያዝኩ።
ኮቴው ገና ከታች ሲሰማ፣ ገና ከምድር ቤት፣
ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቆሟል፤ አልዋጥኩት።
ተነሥቻለሁ፤ መነሣቴን ግን አላወቅኩም።
ከፈቃድ ቢሮው የሚመጣው ፖስታ ሁለት ዓመቱ፣ አልደረሰም።
ይሆን? ዛሬ ይሆን? እሺ ነው ወይስ እምቢ?
ሞካ በሩን አይደለም የምታየው።
እኔን ነው።
እግሬን አየች፣ ደረቴን አየች፤
ከዚያ ዞራ በሩን ጮኸችበት፤
ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ልጮኽ የፈለግሁትን።

ረቡዕ ተቀመጥኩ። ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ፤
አላስችል ሲለኝ ብርቱካን አንሥቼ ላጥኩ።
ኮቴው መጣ። ሞካ ቀና አለች፣ ፊቴን ልታነብ።
እጄ ተረጋግቷል፤ ልቤ ግን የት ይደበቅ?
ጮኸች።
አንድ ጊዜ ብቻ።
ከዚያ መጥታ ልጣጩን አሸተተች።